አውቶማቲክ የናፍጣ መኪና ሲጠፋና ሲቆራርጥ፦ ኢንጄክተር ከማስወረድዎ በፊት

ለገሃር መብራት ላይ ቆሞ የሚጠፋ መኪና፣ ቸርችልን ሲወጣ የሚቆራርጥ መኪና፣ ቀለበት መንገድ ላይ በ70 ሲሄድ የሚንቀጠቀጥ መኪና፤ ሦስቱም ሕመማቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል። ጋራዥ ሲደርሱ ግን የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ኢንጄክተሩ ይውረድ»። አራት ኢንጄክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ዕቃ) ተወርዶ፣ ተፈትሾ፣ አንዳንዴም በአዲስ ተተክቶ መኪናው እዚያው መብራት ላይ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል። ጥፋቱ ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመ ውሃ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ያስቆጫል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እጅ ላይ ያለውን መኪና በአግባቡ መርምሮ ማቆየት ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ አለው።

መመሪያው በዋናነት ኮመን ሬል (ኢንጄክተሮቹ ሁሉ ናፍጣ የሚቀዱበት ከፍተኛ ግፊት ያለው የጋራ ቱቦ) ላላቸው አውቶማቲክ መኪኖች ነው፤ ፕራዶ፣ ሃይሉክስ፣ ሳንታ ፌ፣ ቱሳንና የመሳሰሉት። አካሄዱ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ጓንት፣ ሦስት ያህል ንጹሕ ባዶ ሃይላንድ፣ ናፍጣ የሚችልና ውስጡ የሚታይ ግማሽ ሜትር ቱቦ ከነፋሼታው፣ 10 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጀሪካን፣ ቴስተር፣ እና የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ፣ በስልክ የሚሠራ የኦቢዲ ማንበቢያ።

አጠፋፉን ይመዝግቡ

መኪናውን ለማንም ከመስጠትዎ በፊት ለጥቂት ቀናት በወረቀት ይያዙ። ሲጠፋ ሞተሩ ሞቆ ነበር? ማርሹ ዲ ላይ ነበር ወይስ ኤን? ታንኩ ውስጥ ስንት ናፍጣ ነበር? ዳገት ነበር? ጭስ ከነበረው ቀለሙ ምን ነበር? ወዲያው ተነሣ ወይስ ካረፈ በኋላ? ከሁሉም በላይ ደግሞ የዙር መቁጠሪያው መርፌ ሲጠፋ ምን አደረገ? ይህ መርፌ ብዙ ይናገራል።

መርፌው ምንም ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ ሞተሩም እንደ መብራት ማጥፊያ ጭጭ ካለ፣ ነገሩ ወደ ኤሌክትሪክ ያደላል፤ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው)፣ ሪሌ፣ የላላ የባትሪ ገመድ። እየተንተፋተፈ፣ ጉልበቱ እየከዳው፣ ነዳጅ ሲረግጡበት እየባሰበት ከጠፋ ግን ናፍጣ አጥሮታል ወይም አየር ገብቶበታል። እየተጓዘ ደህና ሆኖ ፍሬን ይዘው ሊቆሙ ሲሉ ብቻ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ እንደቆመ ማኑዋል መኪና ተንገጫግጮ ከጠፋ ደግሞ ካምቢዮውን ይጠርጥሩ። አንድም ቀን ሳይጠፋ በተረጋጋ ፍጥነት፣ ነዳጁ በስሱ ተረግጦ፣ ድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚሄድ ያህል የሚንቀጠቀጥ መኪናም ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ጉዳይ ነው።

ሞተሩ ነው ካምቢዮው?

ሞተሩን በደንብ ያሙቁ። ቆሞ፣ ኤን ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ዙሩን 2,000 ላይ ለሁለት ደቂቃ ያቆዩት። እዚህ ላይ ከቆራረጠ ካምቢዮው ነፃ ነው። ካልቆራረጠ ግን ሞተሩ ነፃ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ የናፍጣ እጥረት ጭነት ሳይኖር ሊደበቅ ይችላል።

ቀጥሎ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለ፣ እግርዎ ፍሬን ላይ፣ ከኤን ወደ ዲ ያስገቡ፤ ኤሲውን ይክፈቱ፣ ትልቁን መብራት ያብሩ፣ መሪውን ትንሽ ያዙሩ። ዙሩ ለአፍታ ወርዶ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ በሞቀ ሞተር አብዛኛው ከ700 እስከ 800 አካባቢ ይቆማል። ቆሞ እያለ ዲ ሲገባ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ሚኒሞው ደካማ ነው፤ መንስኤውም ናፍጣ፣ ኢጂአር (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ) ወይም ኢንጄክተር ነው። ቆሞ ዲ ሲገባ ደህና የሆነ፣ ነገር ግን ከጉዞ ወደ መቆም ሲመጣ የሚጠፋ መኪና ላይ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሳሉ ወደ ኤን ያውጡት። ኤን ላይ በሕይወት ከቆየና ዲ ላይ ሁልጊዜ ከጠፋ፣ የቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) ሎክ አፕ፣ ማለትም በጉዞ ላይ ሁለቱን አጥብቆ የሚይዘው ቁልፍ፣ ሳይለቅ ቀርቷል የሚለው ግምት ይጠነክራል።

ለመንቀጥቀጡ ደግሞ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ከኋላ ማንም እንደሌለ አይተው ቀለበት መንገድ ላይ ይሂዱ። ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ነዳጁን በስሱ ይዘው መንቀጥቀጡ ሲመጣ፣ በግራ እግርዎ ፍሬኑን የኋላ መብራት እስኪበራ ያህል ብቻ ይንኩት። ይህን ሲያደርጉ ኮምፒውተሩ ሎክ አፑን ይለቃል። መንቀጥቀጡ በዚያው ቅጽበት ከቆመና እግርዎን ሲያነሡ ከተመለሰ ሎክ አፑ ነው። ለውጥ ከሌለው ወደ ሞተሩ፣ ወደ ጎማው ሚዛንና ወደ ሞተር ሱፖርቱ ይመለሱ።

ናፍጣ፦ ከታንክ እስከ ፓምፕ

አዲስ አበባ ላይ ጊዜዎን በብዛት የሚሰጡት ለዚህ ክፍል ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙ የጃፓን ናፍጣ መኪኖች ታንክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የላቸውም፤ ናፍጣውን ከታንክ እየመጠጠ የሚያመጣው ሞተሩ ላይ ያለው ፓምፕ ራሱ ነው። መምጠጥ የሚቻለው ደግሞ ውጭ ያለው አየር ስለሚገፋ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ ቆላ ላይ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ እዚህ ግን ቶሎ ያስታውቃል።

ሞተሩ ጠፍቶ እስኪበርድ ይጠብቁ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን ላላ አድርገው፣ ናፍጣ ወደ ፊልትሮው የሚስበውን የእጅ ፓምፕ እየተጫኑ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ወደ ሃይላንዱ ያፍስሱ፤ ቡሎኗን መልሰው ያጥብቁ። ሃይላንዱን ሳይነቀንቁ ለ10 ደቂቃ ያስቀምጡት። ውሃ ካለ ሥሩ ላይ ለብቻው ይተኛል። ጥቁር አተላ ካለ ታንኩ ቆሽሿል ማለት ነው። ደመና መስሎ የሚቆይ ናፍጣ ውሃ ተቀላቅሎበታል። ክረምት ላይ፣ በተለይም ከጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ከተጨመረ በኋላ ይህን ማየት የተለመደ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የውሃ ምልክት አልበራም ብለው አይተዉት፤ ፊልትሮው በማይመጥን ዓይነት ተተክቶ ከሆነ የሴንሰሩ ሶኬት ተንጠልጥሎ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ፊልትሮው ከተቀየረ 10,000 ኪሎ ሜትር ካለፈው ወይም ታሪኩ ካልታወቀ ይቀይሩት። ሶማሌ ተራ ሲገዙ የድሮውን ይዘው ይሂዱና ክብደቱን፣ የጥርሱን አቆራረጥና የኦሪንጉን ውፍረት ያነጻጽሩ። ያወጡትን አሮጌ ፊልትሮ አይጣሉት፤ በብረት መጋዝ አስከፍተው ወረቀቱን ይዘርጉት። ጥቁር ቅባት መሰል ነገር የታንክ ቆሻሻ ነው። ዝገት ውሃ ቆይቶበታል ማለት ነው። ወደ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ የገባ ውሃና ቆሻሻ ብረቱን ይፈጫል፤ ፓምፑ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ብቻ ነውና። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቅባትነቱ ያንሳል።

አሁን አየር መግባቱን ይፈትሹ። የእጅ ፓምፑን ይጫኑ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጠጠር አለበት። ከ20 እና 30 ጊዜ በኋላም ለስላሳ ከሆነ፣ ወይም ማታ ጠጥሮ ጠዋት ለስልሶ ከተገኘ፣ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው በምትኩ የሚታየውን ቱቦ በፋሼታ ይሰሩና ሞተሩን ያስነሡ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ትንንሽ አረፋ ማየት አያስደነግጥም። ከአምስት ደቂቃ በኋላም አረፋው ካልተቋረጠ አየሩ የሚገባው ከዚያ ቱቦ ወደ ታንኩ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ፣ ያረጀ ኦሪንግ፣ የእጅ ፓምፑ ራሱ። አስቸጋሪው ነገር የሚመጥ መስመር ናፍጣ ወደ ውጭ ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ «ደረቅ ነው» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ሲጨርሱ ዋናውን ቱቦ ይመልሱ፤ የሚታየው ቱቦ ለሙከራ እንጂ ለመንዳት አይሆንም።

ታንኩ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ክዳኑ ነው። መኪናው ሲጠፋ ወዲያው ወርደው ክዳኑን ይክፈቱ፤ ኃይለኛ የመሳብ ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ መተንፈሻው ተደፍኗል። ሁለተኛው ታንክ ውስጥ ያለው ወንፊት ነው። ዋናው ምልክቱ ይህ ነው፦ ተነሥቶ ለ15 እና 20 ደቂቃ ደህና ይሄዳል፣ ከዚያ ይቆራርጣል፣ ይጠፋል፤ ትንሽ ካረፈ ተነሥቶ እንደገና ያንኑ ይደግማል። ቆሻሻው ተስቦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲቆም ይረግፋል። ይህን ለማረጋገጥ ታንኩን አልፈው ሞተሩን ከጀሪካን ያጠጡት። የሚመጣውንም የሚመለሰውንም ቱቦ ወደ ንጹሑ ጀሪካን ያስገቡ፤ ናፍጣው ሲመለስ ትኩስ ስለሆነ ቱቦዎቹን ከቱርቦና ከጭስ ማውጫ ያርቁ። ቆሞ ለ30 ደቂቃ፣ ዙሩን በየመሐሉ ወደ 2,500 እያደረጉ ይሞክሩት። ከጀሪካን ሲጠጣ ያልጠፋ ሞተር ከታንክ ሲጠጣ ከጠፋ፣ ሥራው ታንክ አውርዶ ማጠብ ነው፤ ኢንጄክተር መንካት አያስፈልግም። ናፍጣው ከሩብ በታች ሲሆን ዳገት ላይ ብቻ የሚጠፋ መኪናም እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሩን ማንበብ

የብልሽት ኮድ አጥፊውን አይነግርም፤ የት ሰፈር እንደሆነ ነው የሚጠቁመው። ፒ0087 ማለት የሬሉ ግፊት አንሷል ማለት ነው እንጂ «ፓምፕ ይገዛ» ማለት አይደለም፤ የተደፈነ ፊልትሮም ይህንኑ ኮድ ያመጣል። ፒ0335 ክራንክ ሴንሰር፣ ፒ0340 ካም ሴንሰር፣ ፒ0299 የቱርቦ ግፊት ማነስ፣ ፒ0741 የሎክ አፕ ችግር፣ ፒ0700 ደግሞ የካምቢዮው ኮምፒውተር የራሱ ኮድ እንዳለው ማሳወቂያ ነው። ኮዱን ሳይጽፉ አያስጠፉ።

ከኮዱ የሚበልጠው በጉዞ ላይ የሚነበበው ቁጥር ነው። ረዳት አጠገብዎ ይቀመጥና የሬል ግፊቱን፣ የሚፈለገውንና ያለውን፣ ጎን ለጎን ይመልከት። በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ ብዙዎቹ ከ25 እስከ 35 ሜጋፓስካል ያሳያሉ። ዳገት ላይ ሲረገጥ ያለው ግፊት ከሚፈለገው ከ10 ሜጋፓስካል በላይ ወደ ኋላ እየቀረ ከሄደ አቅርቦቱ ደክሟል ወይም ኢንጄክተሮቹ አብዝተው ይመልሳሉ። ሚኒሞ ላይ ግፊቱም ዙሩም አብረው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ካሉ ግን፣ በተለይ እግር ከነዳጅ ሲነሣ የሚጠፋ ከሆነ፣ ፓምፑ ላይ ያለው የናፍጣ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ መካኒኮች ኤስሲቪ የሚሉት፣ ዋና ተጠርጣሪ ነው። ቫልቩ ከፓምፑ ተለይቶ ይቀየራል፤ ዙሪያው ሳይታጠብ ግን አይፈታ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲሱንም ታበላሸዋለች። ከተቀየረ በኋላ በብዙ ሞዴሎች ላይ ኮምፒውተሩ ፓምፑን እንደገና እንዲለማመድ ማድረግ ያስፈልጋል።

የማፕ ሴንሰሩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን) ንባብ ሲያዩ ከፍታችንን አይርሱ። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሣ፣ እዚህ ለገሃር አካባቢ 76 ኪሎፓስካል ገደማ ማሳየት አለበት። የውጭ መመሪያዎች 101 የሚሉት ለባሕር ዳርቻ ነው፤ በዚያ ተመርቶ ደህናውን ሴንሰር መጣል ገንዘብ ማቃጠል ነው። በደንብ ተረግጦ ከ150 ካላለፈ ግን ቱርቦው ወይም የአየር ቱቦዎቹ መታየት አለባቸው።

አየርና ኢጂአር

ሲረገጥ ጥቁር ጭስ፣ ጉልበት ማነስ፣ የፉጨት ድምፅ፤ ይህ ሲኖር ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር የሚሄዱትን ቱቦዎች በእጅዎ እያጎበጡ ይዩአቸው። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከሥር፣ ፋሼታው አጠገብ ነው፤ ዘይት የቀባው ቦታ ይመራዎታል። የአየር ማጣሪያውን አቧራ በወጣ ቁጥር ይፈትሹ።

ኢጂአር ቫልቩ በጥላሸት ተጣብቆ ክፍት ሲቀር ጭሱ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፣ አየር ያጥረዋል። ከቆመበት ሲነሣ ያመነታል፣ እግር ሲነሣ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ከፍታ አየሩ አስቀድሞም ቀጭን ስለሆነና መኪናው ቀኑን ሙሉ ከሜክሲኮ ስታዲየም እየተጎተተ ስለሚውል ጥላሸቱ ይፈጥናል። ቫልቩን ፈትተው በማጽጃ ያጽዱት፤ ወደ ቦታው ሲመልሱት አዲስ ጓርኒሲዮን ያድርጉበት። ከአውሮፓ የመጡና ዲፒኤፍ (የጭስ ጥላሸት ማጣሪያ) ያላቸው መኪኖች በአጭር የከተማ ጉዞ ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት ማቃጠል አይችሉም፤ ኮድ ፒ2463 ካለ በፈጣን መንገድ ላይ ረዘም ያለ ጉዞ ወይም በማሽን የሚደረግ ማቃጠል ይፈልጋሉ።

ኤሌክትሪክ

የባትሪውን ራስ በእጅዎ ያዙሩት፤ ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። ሲያስነሡ ባትሪው ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም፣ ከተነሣ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.6 ይበቃል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ላይ አድርገው ያስነሡ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ የመሬት ገመዱ ዝጓል።

ሞቆ በድንገት የሚጠፋና በርዶ የሚነሣ ሞተር ላይ፣ ሞተሪኖው ሲያዞረው የዙር ንባቡን ይመልከቱ። ማንበቢያው 200 አካባቢ ካላሳየና ዜሮ ካለ ክራንክ ሴንሰሩ ምልክት አይሰጥም። ሴንሰሩን በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዘው ከተነሣ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። ተነሥቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠፋ ደግሞ የቁልፍ መለያው ሊሆን ስለሚችል በሌላኛው ቁልፍ ይሞክሩት።

ካምቢዮ

የካምቢዮ ዘይት ንጹሕ ሲሆን ቀይና ጥርት ያለ ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ዲስኮቹ ተበልተዋል። ሮዝ ወተት ከመሰለ ከራዲያተሩ ውሃ ገብቶበታልና መኪናው አንድ ሜትር እንኳ አይነዳ። መለኪያ ዘንግ ያለው በሞቀ ሁኔታ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ ካዳረሱ በኋላ ይለካል። ዘንግ የሌለው ከሥር ባለው ቡሎን በኩል ነው የሚለካው፤ ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን በቀጭኑ መንጠባጠብ አለበት። በጣም በርዶም በጣም ሞቆም ከተለካ መጠኑ ይሳሳታል።

ዓይነቱ ላይ አይደራደሩ። ደብሊው ኤስ የተባለውን የቶዮታ ዘይት የሚጠይቅ ካምቢዮ ዴክስሮን የተባለው ሌላ ዓይነት ዘይት ሲሞላበት የሎክ አፕ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። አንዴ ሲፈስ የሚወጣው ከ3 እስከ 4 ሊትር ብቻ ነው፤ ሌላው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ጊዜ እያፈሰሱ መሙላት ይሻላል። በዚህ ብቻ የሚድን መንቀጥቀጥ አለ፣ በተለይ ገና ሲጀምር። ገበታው ሲወርድ ማግኔቶቹ ላይ ያለ ግራጫ ልስልስ ጭቃ የተለመደ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ስብርባሪ ግን ዘይት የማያድነው ጉዳት ነው።

ሊቆም ሲል የሚጠፋው መኪና ላይ የሎክ አፑን ሁኔታ በማንበቢያው ይከታተሉ። ፍጥነቱ ከ20 በታች ወርዶ ኮምፒውተሩ «ተለቋል» እያለ ሞተሩ ከታነቀ፣ ሶሌኖይዱ (ሎክ አፑን በኤሌክትሪክ የሚያዘው ቫልቭ) ወይም ቫልቭ ቦዲው (የካምቢዮውን ዘይት የሚያከፋፍለው ክፍል) ተጣብቋል። ሶሌኖይድ ብቻውን ይቀየራል፤ ሙሉ ካምቢዮ ግዙ ለሚል ምክር አይቸኩሉ።

ኢንጄክተር በመጨረሻ

እዚህ የደረሰ ሰው ብቻ ኢንጄክተር ይንካ። በድሮው ሜካኒካል ፓምፕ፣ ለምሳሌ በቶዮታው 1ኤችዜድ ሞተር ላይ፣ የኢንጄክተሩን ቱቦ እያላሉ የማይሠራውን ሲሊንደር መለየት የተለመደ ነበር። ኮመን ሬል ላይ ይህ ፈጽሞ አይደረግም። ግፊቱ ከ1,600 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የሚፈናጠረው ናፍጣ ጓንትና ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፣ ጣት እስከ ማሳጣት ያደርሳል።

በምትኩ የመመለሻውን መጠን ይለኩ። ከየኢንጄክተሩ መመለሻ ቀጭን ቱቦ ወደ እኩል ጠርሙሶች ያስገቡ፣ ዋናውን የመመለሻ መስመር ይድፈኑ፣ ሞተሩን በሚኒሞ ለአምስት ደቂቃ ያሠሩ። ከሌሎቹ እጥፍ የሞላው ጠርሙስ ባለቤት ተበልቷል። በቶዮታ ሶፍትዌር ደግሞ የየሲሊንደሩ ማስተካከያ ይነበባል፤ ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲ ተዘግቶ፣ ከ3 ሲደመር ወይም ሲቀነስ ያለፈው ይመረመራል። አዲስ ከተገጠመ አናቱ ላይ የተጻፈው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፣ ከሥሩ ያለችው የመዳብ ማኅተምም በአዲስ ትተካለች። በቶዮታው 1ኬዲ ሞተር ላይ ይህች ማኅተም ስታሾልክ ጥላሸቱ ወደ ሞተር ዘይት ወርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፤ ኢንጄክተር ሲወርድ የዘይት ገበታውም ይከፈት የሚባለው ለዚህ ነው።

ሲጨርሱ

መኪናውን ቆሞ ተነሥቷል ብለው አይቀበሉ። ናፍጣው ሩብ ላይ ሆኖ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ከለገሃር ተነሥተው ቸርችልን እስከ ማዘጋጃ ቤት ይውጡ። መሐል ዳገት ላይ መብራት ሲይዝዎ ዲ ላይ እንዳለ ያቁሙት። ከዚያ በአራት ኪሎ አድርገው በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይቀጥሉ፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ የቀረ የአየር ወይም የናፍጣ ድክመት ካለ እዚያ ይታያል። ሲመለሱ የፊልትሮውን ዙሪያ በነጭ ሶፍት ጠርገው እርጥበት ይፈልጉ፤ አንድ ታንክ ናፍጣ ካለቀ በኋላም ከሥሩ አንድ ሃይላንድ አፍስሰው እንደገና ይመልከቱት።